ሳልፈልግ የሚመጣብኝ ንቀት ኃጢአት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው በአሜሪካ ነው። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ጠበል ጻዲቅ ስንቀምስ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ እንግዳ መጥቶ ከአጠገቤ ተቀመጠ። እኔም ሳላስበው ቦርሳዬን ሳብሁ፤ ልጄንም ወደ ሌላ ወንበር አዛወርኋት። ሰውየው አይቶኛል። ክፉ አላደረገብኝም፤ እኔም ክፉ አልመኝለትም። ሳልፈልግ የሚመጣብኝ ይህ ስሜት ኃጢአት ነውን? በጸሎትስ ይለቀኝ ይሆን?

መልስ፦ እኅታችን ሆይ፣ ያደረጉትን ሳይሸፍኑ መጻፍዎ የንስሐ መጀመሪያ ነው። አባቶቻችን ኃጢአት በሐልዮ (በሐሳብ)፣ በነቢብ (በንግግር) እና በገቢር (በድርጊት) እንደሚፈጸም አስተምረውናል፤ ሳይጠሩት ድንገት የሚመጣ ሐሳብም ልብ ካልተቀበለውና ካላስተናገደው ፈተና እንጂ በደል አይሆንም። ነገር ግን በአዳራሹ የሆነው ነገር ከሐልዮ አልፎ ገቢር ሆኗል፤ ወንበር ተለውጧል፣ እንግዳው አይቷል፣ ልጅዎም አይታለች። ስለዚህ ለንስሐ አባትዎ «ክፉ ሐሳብ መጣብኝ» ከማለት ይልቅ «ሰው አሳፈርሁ» ብለው ይንገሯቸው።

በጸሎት ይለቀኝ ይሆን ላሉት ቅዱስ ጴጥሮስን ያስቡ። በኢዮጴ ራእይ አይቶ፣ ከአሕዛብ ወገን በሆነው በቆርኔሌዎስ ቤትም ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል እግዚአብሔር እንዳሳየው በራሱ አፍ መስክሮ ነበር (ሐዋ. 10፥28)። ሆኖም በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር ሲበላ ቆይቶ፣ ከኢየሩሳሌም ሰዎች በመጡ ጊዜ እነርሱን ፈርቶ ከማዕዱ ራቀ (ገላ. 2፥11-13)። እውቀት አልጎደለውም፤ ያሸነፈው የወገኖቹ ዓይን ነው። እኔን ይህን ክፍል ባነበብሁ ቍጥር የሚያስደነግጠኝ ደግሞ በርናባስ እንኳ ተከትሎት መሄዱ ነው፤ አንድ ሰው ከማዕድ ሲነሣ ደጉንም ሰው ይዞ ይነሣልና። ልጅዎም ያን ዕለት የተከተለችው እርስዎን ነው።

እርስዎ በሚኖሩበት አገር ይህ መራቅ ሕግና ሥርዓት ሆኖ ቆይቷል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፊላደልፍያ በሚገኝ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን፣ ለጸሎት ተንበርክኮ የነበረውን ጥቁር አሜሪካዊ አብሳሎም ጆንስን የቤተ ክርስቲያኑ ነጭ ኃላፊዎች በቦታህ አይደለህም ብለው ጎትተው ሊያስነሡት ሲሞክሩ፣ ጸሎቱ እስኪያበቃ እንዲታገሡት ቢለምናቸው እንዳልታገሡት ባልንጀራው ሪቻርድ አለን ጽፏል። በኒውዮርክ በ1808 የተመሠረተችውና በአገራችን ጥንታዊ ስም የምትጠራው የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያንም ስለ ጅማሬዋ ስትተርክ፣ በቀለም ተለይቶ መቀመጥን እንቢ ብለው ከወጡት ምእመናን ጋር ኢትዮጵያውያን የባሕር ነጋዴዎች እንደነበሩ ትናገራለች። ሐዋርያው ያዕቆብ ለአንዱ መልካሙን ስፍራ፣ ለሌላው የእግር መረገጫውን መስጠትን በግልጽ ወቅሷል (ያዕ. 2፥1-4)፤ የጎተቱትም ያንኑ መጽሐፍ ያነብቡ ነበር።

መለያየት ልብን እንዴት እንደሚሠራ ያጠኑ ሰዎች የደረሱበት ነገር ከዚህ ጋር ይስማማል። ኬነዝና ሜሚ ክላርክ የተባሉ ባልና ሚስት ሕፃናትን ከቀለማቸው በቀር ልዩነት የሌላቸውን አሻንጉሊቶች አሳይተው ሲጠይቁ፣ አብዛኞቹ ጥቁር ሕፃናት ነጩን መልካም፣ ራሳቸውን የሚመስለውን ክፉ ብለው መረጡ። በ1951 ደግሞ ሞርተን ዶይችና ሜሪ ኮሊንስ በኒውዮርክ በአንድ ሕንፃ ተቀላቅለው፣ በኒዋርክ ደግሞ በቀለም ተለይተው በየሕንፃቸው በሚኖሩ የመንግሥት ቤቶች ያሉ ነጭ እመቤቶችን አነጋግረው፣ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱት ስለ ጥቁር ጎረቤቶቻቸው ያላቸው አመለካከት ከሌሎቹ እጅግ የተሻለ መሆኑን አገኙ። ቅርበት ልብን አለዘበ ማለት ነው። ነገር ግን የሥነ ልቡና ምሁሩ ጎርደን ኦልፖርት በ1954 እንዳስረዳው መተያየት ብቻውን አይበቃም፤ ሰዎች በእኩልነት ሲገናኙ፣ ለአንድ ዓላማ ሲተባበሩ፣ የሚመራቸውም ሥርዓት ሲደግፋቸው ነው ፍሬ የሚታየው። ይህ ለእኛ ወገኖች ትልቅ ነገር ነው። ብዙዎቻችን ጥቁር አሜሪካውያንን በየቀኑ እናያለን፤ የምናያቸው ግን በሱቅ መስታወት ጀርባ ሆነን ገንዘብ ስንቀበል ወይም በታክሲ መስታወት ውስጥ ነው። ከዚያም ቤታችን ገብተን ልጆቻችን እየሰሙ «ባሪያ» የሚለውን ቃል እንናገራለን፤ ይህ በነቢብ የሚሠራ ኃጢአት ነው፣ ቀልድ አይደለም። የ1964ቱን የመብት ሕግ ያስገኘው የጥቁር አሜሪካውያን ተጋድሎ ባይኖር፣ ወደ አሜሪካ የሚገባን ሰው በትውልድ አገር ኮታ ይለይ የነበረውን አሠራር ያስቀረው የ1965ቱ የፍልሰት ሕግም ባልመጣ ነበር ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ጸሎቱን አይተዉ፤ ስግደትም ይጨምሩ፤ ነገር ግን ወንበሩን ይመልሱ። እንግዳው ተመልሶ ከመጣ ቀድመው ሰላም ይበሉት፣ ይቅርታ ይጠይቁት፣ ከአንድ መሶብ ይቍረሱ። ምጽዋት እንደሚሰጡት ሰው አያድርጉት፤ ወንበር ሲነሣ፣ ዕቃ ሲታጠብ አብሮ እንዲሠራ ይጋብዙት። ለልጅዎም «ያን ቀን ተሳስቻለሁ» ብለው በግልጽ ይንገሯት። ካልመጣም ማን እንደጋበዘው የደብሩን አስተዳዳሪ ይጠይቁና ይፈልጉት።