የሚያታ ወንበር በኤምጂቢ ውስጥ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ1972 (እ.ኤ.አ.) ኤምጂቢ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ የእንግሊዝ ክፍት መኪና፣ አለኝ። የወንበሮቹ ስፖንጅ ስለፈረሰ ረጅም መንገድ ስነዳ ወገቤን ያመኛል። አሮጌ መኪና ከሚበታተንበት ግቢ፣ ከመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ሚያታ (የጃፓን ትንሽ ክፍት መኪና) የወጡ ሁለት ንጹሕ ወንበሮች አግኝቻለሁ። ይገጥሙልኛል? ምን ልጠንቀቅ? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ይገጥማሉ፤ ግን እንዳሉ አይታሰሩም። ከ1989 እስከ 1997 የተሠራው ሚያታ ወንበሩ ጠባብ ነው። በካምቢዮው ጉብታና በበሩ ደፍ መካከል ተጣቦም ቢሆን ይገባል፤ ብዙ የኤምጂቢ ባለቤቶች የሚመርጡትም ለዚህ ነው። ዋናው ሥራ ከወንበሩ በታች ነው። የሚያታ ሐዲድ (ወንበሩ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተትበት ብረት) እግሮች የተጣጠፉት ለራሱ ወለል ስለሆነ የፊቱና የኋላው ቁመት እኩል አይደለም። የኤምጂቢ ወለል ደግሞ ጠፍጣፋ ነው። እግሮቹ ሳይነኩ ቢታሰር ወንበሩ ከፍ ብሎ ያጋድላል፣ ጭንዎ መሪውን ይነካል፣ ሸራው ሲዘጋም ራስዎ ጣሪያውን ይገፋል።

ከመግዛትዎ በፊት ወንበሩን ገልብጠው ይዩት። ግራና ቀኙ ሐዲድ እኩል መቆለፍ አለበት። ከኋላ የተገጨ መኪና ወንበር መደገፊያው ወደኋላ ሊጣመም ስለሚችል ሁለቱን ጎን ለጎን አቁመው ያነጻጽሩ። ልብሱ ቢቀደድ ይሰፋል፤ የተጣመመ ብረት ግን ይቅርብዎት።

ወደ ሥራው ሲገቡ መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ይፍቱ። አሮጌዎቹን ወንበሮችና ምንጣፉን ያውጡና ወለሉን በካቻቪቴ ጫፍ እየወጉ ይፈትሹ። ጫፉ ከገባ ዝገት ነው፤ ላሜራው ሳይቀየር ወንበር አይታሰርበትም። ቀጥሎ የሚያታውን እግሮች ከሐዲዱ በግራይንደር ቆርጠው ጠርዙን ያለስልሱ። ሐዲዱ ላይ ብየዳ አያድርጉ፤ ሙቀቱ ብረቱን ያጣምመዋል፣ መንሸራተቱም ይበላሻል።

ቀዳዳ ከመክፈትዎ በፊት ወንበሩን መኪናው ውስጥ አስቀምጠው ይቀመጡበት፣ በሩንም ይዝጉ። የመደገፊያው ማጋደሚያ እጀታ ወደ በሩ ደፍ በኩል ስለሆነ እጅዎ ገብቶ መሳብ መቻል አለበት። የእጅ ፍሬኑም ሳይነካ ይነሳ። ቦታው ሲረጋገጥ ብቻ ምልክት ያድርጉ። ከመብሳትዎ በፊት ደግሞ መኪናው ሥር ገብተው ይዩ፤ የቤንዚን ቱቦ፣ የፍሬን ቱቦና ከኋላ ካለው ባትሪ የሚመጣው ወፍራም ገመድ ወደ ፊት የሚያልፉት በሥር ነው። ትራፓኖው አንዱን ቢያገኝ ጉዳቱ ከወንበሩ ዋጋ ይበልጣል።

ለአንድ ወንበር 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው፣ ራሳቸው ላይ 8.8 (የጥንካሬ ደረጃቸው) የተጻፈባቸው 4 ቡሎኖች፣ ናይለን ያላቸው 4 ዳዶዎች፣ እንዲሁም 3 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ብረት በ50 በ75 ሚሊሜትር የተቆረጡ 4 ሳህኖች ያዘጋጁ። ሳህኖቹ ከወለሉ በታች ይውላሉ። የወለሉ ላሜራ ስስ በመሆኑ ትንሽ ሮንዴላ ብቻ ካደረጉ በግጭት ጊዜ ቡሎኑ ብረቱን ቀድዶ ይወጣል። ቀዳዳው ወለሉን በሚያቋርጠው ባዶ ተሸካሚ ብረት ላይ ከወደቀ በውስጡ የብረት ቱቦ ይግባበት፤ አለዚያ ሲያጠብቁት ተሸካሚው ይጨፈለቃል። በሐዲዱ ውስጥ የሚቀመጠው የቡሎን ራስ ዝቅ ያለ ይሁን። ወፍራም ከሆነ ወንበሩ ግማሽ መንገድ ላይ ይይዛል፤ ስለዚህ ጨርሰው ሳያጠብቁ ወንበሩን እስከ ዳር ድረስ ያንሸራትቱት። ቡሎኑን በመጨረሻ ሲያጠብቁት 25 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ይበቃዋል። የተበሳውን ጠርዝ ሁሉ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀቡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በኤምጂቢ ወለል ላይ ያሉት ነባር ዳዶዎች 5/16 ኢንች፣ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ ናቸው። የ8 ሚሊሜትር ቡሎን በዓይን አይለይም፤ አንድ ሁለት ዙር ይሄድና ጥርሱን ይበላዋል። ነባሩን ቀዳዳ ከተጠቀሙ ነባሩን ቡሎን ይጠቀሙ።

የደህንነት ቀበቶው መያዣ በሚያታ ወንበሩ ላይ ተያይዞ ይመጣል። ይፍቱት፤ የኤምጂቢው ቀበቶ በራሱ ቦታ፣ ጉብታው ላይ ይቆይ። ይህን በጥብቅ እንመክራለን። መያዣው ወንበሩ ላይ ከቀረ በግጭት የሰውነትዎ ኃይል በእርስዎ አራት ቡሎኖች ላይ ይወድቃል፤ የሚያታ መያዣም የኤምጂቢን ቀበቶ ምላስ (የሚሰካውን ብረት) አይቀበልም።

ይህ ሁሉ ሆኖ አሁንም ከፍ ካለብዎት ስፖንጁን ያሳንሱ። የመቀመጫውን ልብስ የያዙትን የሽቦ ቀለበቶች በፒንሳ ፈትተው ስፖንጁን ያውጡና ከሥሩ በኩል ከ25 እስከ 30 ሚሊሜትር በስለታም ረጅም ቢላ ይቁረጡ። ከኋላ፣ ከተቀመጡበት ሥር ብዙውን ይቀንሱ፤ የፊቱ ጠርዝ ጭንዎን ስለሚደግፍ አይነካ። ከላይ በኩል ፈጽሞ አይቁረጡ፤ ልብሱ ይጨማደዳል።

ጥያቄ፦ ከአዲሱ ሚያታ የወጣ የቆዳ ወንበር በርካሽ አገኘሁ። ከጎኑ ቢጫ ሶኬት አለው። ችግር አለው? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ አለው። ቢጫ ሶኬት የኤር ባግ ምልክት ነው። በ2005 የወጣው ሦስተኛው ትውልድ ሚያታ በመደገፊያው ጎን ኤር ባግ ይዟል። በኤምጂቢ ውስጥ የሚያዝዘው ኮምፒዩተር ስለሌለ አይጠብቅዎትም፤ ያልፈነዳው ባሩድ ግን ከጎንዎ ይቀመጣል። ሶኬቱን በሞካሪ መብራት ወይም በመለኪያ አይንኩት። ወንበሩን ይተዉትና የመጀመሪያውን ትውልድ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ በነባሩ ሐዲድ ሥር የእንጨት ጣውላዎች አገኘሁ። ልጣላቸው?

መልስ፦ ፋብሪካው ያደረጋቸው ናቸው፤ ሐዲዱን ከወለሉ ከፍ ያደርጋሉ። ለሚያታ ወንበር አያስፈልጉም፤ ቁመት ስለሚጨምሩ ያውጧቸው። እርጥበት ስለሚይዙ በሥራቸው ያለውን ወለል በደንብ ያጽዱ። ጣውላዎቹን፣ ቡሎኖቹ የሚያልፉባቸውን ትንንሽ ቱቦዎችና ቡሎኖቹን በአንድ ከረጢት አድርገው ከነባር ወንበሮቹ ጋር ያስቀምጡ፤ መኪናውን ሲሸጡ ገዢው ይፈልጋቸዋል።