ሰው ስለሚሸሻቸው ሥራዎች፦ ለከተማችን ዳርቻ ወጣቶች

በአቃቂ፣ በቃሊቲና በረጲ አካባቢ ለምትኖሩ፣ ትምህርታችሁን ጨርሳችሁም ሆነ አቋርጣችሁ ሥራ ለምትፈልጉ ወጣቶች ይህን የምጽፈው፣ ከወጣትነቴ ጀምሮ እስከ ጡረታ በፍሳሽ አወጋገድ ሙያ በማገልገሌ፣ ብዙዎቻችሁ «ብሞት አልሠራውም» የምትሉትን ሥራ በቅርብ ስለማውቀው ነው። ሽንት ቤት መምጠጥ፣ የተደፈነ የፍሳሽ መስመር መክፈት፣ ቆሻሻ መጫን፣ በቆዳ ፋብሪካ ጥሬ ቆዳ ማልፋት ሲነሣ ፊታችሁን እንደምታዞሩ አያለሁ። እምቢ ማለት መብታችሁ ነው፤ እምቢ የምትሉበትን ምክንያት ግን ደግማችሁ እንድትመረምሩት እለምናችኋለሁ።

ስለ ሰው ዓይን ብዙ አልልም። አፄ ምኒልክ ባለእጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬም የፍሳሽ መኪና ሠራተኛ ውኃ ሲጠይቅ ለብቻ በተቀመጠ ጣሳ የሚሰጡ ቤቶች አሉ። ይህ እጅግ ያሳዝነኛል፤ ነውሩ የሰጪው ነውና እናንተ በዚህ ሰበብ እንጀራችሁን አትግፉ።

ሽታውም ቢሆን ይለመዳል፣ ታጥበው ይገላገሉታል። እኔን የሚያስፈራኝ ሽታው የጠፋ ጊዜ ነው። በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ፍሳሽ ሲበሰብስ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይፈጠራል፤ ይህ ጋዝ በጥቂቱ ሲሆን እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፣ በአየሩ ውስጥ ከሚሊዮን 100 እጅ ገደማ ሲደርስ ግን አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ፣ ሠራተኛው «አሁንስ አየሩ ተሻለ» ብሎ የሚረጋጋበት ሰዓት የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። ከአየር ስለሚከብድም ወደ ታች ይተኛል፤ አፋፉ ላይ ቆሞ ያለ ችግር ሲተነፍስ የነበረ ሰው ጥቂት ወረድ እንዳለ ራሱን ይስታል። አተላው ደግሞ ላይ ላዩ ደርቆ ቅርፊት ይሠራል፤ ሠራተኛው ቱቦው እንዲስብለት በረጅም እንጨት ሲያማስለው ሥር ታምቆ የቆየው ጋዝ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ጓንትና ቡትስ ጫማ ከቁስልና ከትላትል ይጠብቃሉ፤ የጨርቅ ማስክ ግን ለጋዝ ምንም አይፈይድም።

በረጲ የቆሻሻ መጣያ በቆሼም ያየነው ከዚህ ብዙ አይርቅም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ያለቁት፣ ለአሥርት ዓመታት ሲቆለል በኖረ ተራራ ሥርና ዙሪያ ቤት ቀልሰው ይኖሩ ስለነበር ነው። ሃይላንድና ብረታ ብረት ለቅሞ መሸጥ ሥራ ነው፤ ሊናድ የሚችል ክምር ሥር መዋልና ማደር ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥራ ሲቀርብላችሁ፣ የቀን ሒሳቡን ከመጠየቃችሁ በፊት ሰው ጉድጓድ ውስጥ ይወርድ እንደሆነ ጠይቁ። ውጭ ቆሞ ቱቦ መያዝና ወደ ውስጥ መውረድ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ያለ ሐፍረት ተቀበሉ። ሁለተኛውን ግን፣ አየሩ በጋዝ መለኪያ ካልተለካ፣ ንጹሕ አየር በማራገቢያ ካልገባ፣ ሰውነታችሁ ላይ ቀበቶና ገመድ ካልታሰረና ገመዱን ይዞ ከላይ የሚጠብቅ ሰው ከሌለ፣ የቱንም ያህል ቢከፈላችሁ አትሥሩት። ፎርማኑ «እኛ ስንሠራ የኖርነው እንዲሁ ነው» ሊላችሁ ይችላል፤ እንዲሁ ሲሠሩ የሞቱት ግን ቆመው አይመሰክሩም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ለሠራተኛው ሕይወት የሚያሰጋ ነገር መኖሩን እያወቀ እርምጃ ካልወሰደም፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። ጓደኛችሁ ጉድጓድ ውስጥ ቢወድቅ ተከትላችሁ አትግቡ። ወንድም ሲወድቅ ዝም ብሎ ማየት አንጀት እንደሚያላውስ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በእንዲህ ያለ አደጋ በየአገሩ ከሚሞቱት ብዙዎቹ ለማዳን ተከትለው የገቡ ናቸው። በገመድ ታስሮ ከሆነ ከላይ ሳቡት፤ ካልታሰረ ሰዉን ከጉድጓዱ አፍ አርቁና ወደ አዲስ አበባ እሳትና አደጋ መከላከያ በ939 ደውሉ፤ መተንፈሻ መሣሪያ ይዘው እንዲመጡም ጋዝ ያለበት የፍሳሽ ጉድጓድ መሆኑን በመጀመሪያ ንገሯቸው።