ቫይረሱ ካልታየ መድኃኒቱን ለምን እቀጥላለሁ?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው የምኖረው፤ ሐይቁ ዳር ዓሣ እሸጣለሁ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። በቅርቡ የቫይረስ መጠን ተለክቶ «አልታየም» ተባልኩ። ታዲያ ባቆመው ምን አለበት? (ማ.)

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት፣ እህቴ! ይህ ሳያቋርጡ የመዋጥዎ ፍሬ ነው። ውጤቱ እንዲህ እስከቆየ ድረስም ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ማቆምን ግን እባክዎ አያስቡት። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝና ምክንያቱን ከሥራ ጠረጴዛዬ ልንገርዎት።

ደምዎ ወይን ጠጅ ክዳን ባለው ብልቃጥ ይመጣልኛል። በማሽን ሳሽከረክረው ቀዩ ይዘቅጣል፣ ቢጫው ፈሳሽ ከላይ ይንሳፈፋል፣ በመካከላቸው ስስ ነጭ ሽፋን ይቀራል። የምመረምረው ቢጫውን ነው። ሲዲ-4 የተባሉት የመከላከያ ሴሎች ያሉት ግን በዚያች ነጭ ሽፋን ውስጥ ነው፤ የተደበቀውም ቫይረስ እነሱ ውስጥ ነው። ምርመራዬ እዚያ አይደርስም።

ኤች አይ ቪ የራሱን ዘረመል፣ ማለትም ሴሉ ፊደል በፊደል የሚያነበውን የአሠራር መመሪያ፣ ከሴሉ ዘረመል ጋር ያዋህዳል። ሴሉ ነቅቶ በሽታ ሲዋጋ ኤንኤፍ-ካፓ ቢ የተባለ ፕሮቲን የሴሉን ጂኖች ያስነሳል፤ ቫይረሱም ይህ ፕሮቲን የሚያርፍበት ቦታ በዘረመሉ ጫፍ ላይ ስላለው አብሮ ይነሳል። መጀመሪያ ላይ የዘረመሉ ንባብ 60 ያህል ፊደል ሄዶ ይቆማል። ታት የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ግን ሲዲኬ-9 የተባለውን የሴሉን ኢንዛይም ጎትቶ ያመጣና ንባቡ ከ9,000 በላይ የሆኑትን ፊደላት እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ታት ራሱ የሚሠራው ከዚሁ ንባብ ስለሆነ ጥቂቱ ብዙ ይወልዳል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እጅግ ይገርመኛል፤ ቫይረሱ የሚቀሰቀሰው በሽታን ሊዋጋ በተነሳው ሴል ጉልበት ነው። ሴሉ ሲያርፍ ደግሞ ዘረመሉ በዚያ ቦታ ይጠቀለላል፣ ታት ያልቃል፣ ቫይረሱ ዝም ይላል።

መድኃኒትዎ የሚያግደው የሚባዛውን ነው፤ ዝም ያለውን አይነካውም። እንዲህ ያለው ቫይረስ መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ሴሎች ውስጥ እንዳለ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ሴሎቹ ለዓመታት ይኖራሉ፤ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ በማንኛውም ቀን ሊነቁ ይችላሉ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ በአብዛኛው ሰው ላይ ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ደም ውስጥ ይመለሳል። ተመራማሪዎች የተኛውን ቀስቅሶ ማጥፋትን፣ ወይም ለዘለቄታው ማስተኛትን እየሞከሩ ነው፤ ለሁሉም የሚሆን ፈውስ ግን ገና አልተገኘም።

ጠበል የሚጠመቁ ከሆነም ኪኒኑን አብረው ይዋጡ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ማቆም ያሰቡት ወረፋው አድክሞዎት ከሆነ ደግሞ፣ ውጤቱ የተረጋጋ ሰው የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚወስድበት አሠራር አለ። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ይጠይቁ።