የሕግ ምክር፦ ለሐዲድ ጥገና ስትቀጠር የምርመራውን ገንዘብ የሚከፍለው ማን ነው?

ጥያቄ፦ «23 ዓመቴ ነው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። በብየዳ ተመርቄ ሁለት ዓመት ያህል እዚህም እዚያም ስሠራ ቆየሁ። ሰሞኑን አንድ ኤጀንሲ ለባቡር ሐዲድ ጥገና ሰው እየመዘገበ ነው ሲባል ሄድኩ። ለምዝገባ 3,000 ብር እንዳመጣ፣ የጤና ምርመራውንም በራሴ እንድከፍል ነገሩኝ። ቀጥሎ የአካል ብቃት ፈተና አለ። ካለፍኩ ‹ሁለት ሦስት ወር እናይሃለን፣ ውል ከዚያ በኋላ ነው› ብለውኛል። ዋስም አምጣ ተብያለሁ፤ አጎቴ እሺ ብለዋል። ሥራው ብዙውን ጊዜ ሌሊት ነው። ከአሁኑ ሰውነቴን ማዘጋጀትም እፈልጋለሁ። ብሩን ልክፈል? ምን ትመክረኛለህ?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ብሩን አትክፈል። ሌላውን ቀስ ብዬ አስረዳሃለሁ። ይህን ያስቀደምኩት ነገ ጠዋት ብሩን ይዘህ እንዳትሄድ ፈርቼ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ምን እንደሆነ ሲተረጉም፣ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል አገልግሎት የሚሰጥ ነው ይላል። ኤጀንሲው ገንዘብ የሚያገኘው ሠራተኛ ከፈለገው ድርጅት ነው። «የፎርም» ቢሉት፣ «የፋይል መክፈቻ» ቢሉት ለውጥ የለውም። ስትሄድ ሁለት ነገር ጠይቅ። አንደኛ፣ የኤጀንሲነት ፈቃዳችሁን አሳዩኝ በል። ሁለተኛ፣ የሚቀጥረኝ ማን ነው በል፤ እናንተ ናችሁ ወይስ ባቡሩን የሚያስተዳድረው ድርጅት? አንዳንዱ ኤጀንሲ አገናኝቶ ይለያል። አንዳንዱ ደግሞ ራሱ ቀጥሮህ ወደ ሌላ ድርጅት ያሠማራሃል። በሁለተኛው ዓይነት ከሆነ አሠሪህ ኤጀንሲው ነው፤ ደመወዝህንም መብትህንም የምትጠይቀው እሱን ነው። ይህን ሳያውቁ ገብተው፣ ችግር ሲመጣ በሁለት ቢሮ መካከል የሚመላለሱ ልጆች ብዙ ጊዜ አጋጥመውኛል።

ቀድሞ የከፈልክ ከሆነ ደረሰኝ ጠይቅ። ደረሰኝ ካልሰጡህ የላክበትን የቴሌብር ወይም የባንክ መልእክት አታጥፋ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ለሚከታተለው የአስተዳደሩ ቢሮ አመልክት።

ወደ ምርመራው ልምጣ። አዋጁ አንቀጽ 92 ላይ የአሠሪውን ግዴታዎች ይዘረዝራል። ከእነዚህ አንዱ እንደ ሥራው ጠባይ አዲስ የሚቀጠሩ ሠራተኞችንና አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን በራሱ ወጪ ማስመርመር ነው። በራሱ ወጪ! የኤች አይ ቪ ምርመራ ግን ከዚህ ውጭ ነው። እሱን ካልተመረመርክ አንቀጥርህም ቢሉህ እምቢ ማለት መብትህ ነው።

ምርመራው ራሱ ግን ይቅርብኝ እንዳትል። ለአንተም ይጠቅምሃል፣ እንዴት እንደሆነ ላሳይህ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ ቢሮዬ መጣ። ከባድ ብረት ሲያነሳ ወገቡ ተጎድቷል። ራጁን በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ ይዟል። ሊቀመጥ ሲል ሁለት እጁን ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፎ፣ ትንፋሹን ውጦ ነው ዝቅ ያለው። አሠሪው የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ድሮም ወገቡን ይታመም ነበር፤ ይዞት ነው የመጣው።» ሰውዬው ሲቀጠር ተመርምሯል፤ ጤነኛ ነው ተብሎም ተጽፏል። ወረቀቱ ያለው ግን በአሠሪው ፋይል ውስጥ ነው። በእሱ እጅ ኮፒ የለም። ያቺን አንድ ገጽ ፍርድ ቤት ለማስቀረብ ወራት ፈጀብን።

ስለዚህ ከሐኪም እንደወጣህ ውጤቱን በስልክህ ፎቶ አንሳው። ኮፒም አድርገህ እናትህ ጋ አስቀምጥ። ያ ወረቀት ሥራ የገባኸው ምን ዓይነት ወገብ፣ ምን ዓይነት ጆሮ ይዘህ እንደሆነ ይመሰክርልሃል። በሕጉ በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳት ብረት ሲወድቅብህ ብቻ አይደለም። ሠራተኛው በሥራው ላይ ራሱ ባደረገው ጥረት በድንገት የሚደርስበት ጉዳትም ይካተታል። ስታነሳ ወገብህ ቢቀጭ እዚያ ውስጥ ይገባል። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሕክምናህን ይሸፍናል፤ ሥራ መሥራት ባትችል ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝህን፣ በቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ታገኛለህ።

አንድ ነገር አደራ። «ጤነኛ ነው» የሚል ወረቀት በገንዘብ እናሠራልሃለን የሚሉ ደላሎች አሉ። አትንካው። ሐሰተኛ ሰነድ ወንጀል ነው። ሥራህንም ያሳጣሃል። ከሁሉ በላይ ግን ሐኪሙ ዓይንህንና ጆሮህን የሚያየው ለወግ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። እንደ ድሮው ባቡር ከሩቅ እያጓራ አይመጣም። ሐዲድ ላይ ጎንበስ ብሎ ብሎን የሚያጠብቅ ሰው የጓደኛውን ፊሽካ መስማት፣ የምልክቱን መብራት ቀለም መለየት አለበት። ከራሱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ይዟል። ረጅም ብረት ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ መሸከም ራሱ ሊገድል ይችላል። የደኅንነት ሥልጠና ሳይሰጡህ ሐዲድ ላይ ውጣ ካሉህ፣ መጀመሪያ ሥልጠናውን ጠይቅ፤ ማሠልጠን የአሠሪው ግዴታ ነው። የደኅንነት ጫማ፣ ሄልሜት፣ ጓንትና አንጸባራቂ ሰደርያም እሱ ያቀርባል። ከደመወዝህ አይቆረጥም።

ስለ ሰውነት ዝግጅት ጠይቀኸኛል። እኔ አሠልጣኝ አይደለሁም፤ ግን ድሬ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ሐዲድ ሠራተኛ ትንሽ ያውቃል። ይቺ ከተማ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ እዚህ ደረሰ፤ የሐረርን ተራራ መውጣት ከባድ ስለሆነ መስመሩ በቆላው በኩል ቀጠለ፣ ከተማዋም ጣቢያው ዙሪያ በቀለች። እኛ ሰፈር ጡረታ የወጡ የሸመንደፈር፣ ማለትም የድሮው ባቡር፣ ሰዎች ነበሩ። ጠዋት በር ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን ሲያፍታቱ አያቸው ነበር። የመዳፋቸው ቆዳ እንደ ጫማ ሶል ጠጥሮ ነበር። የዚያን ጊዜው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። የአሁኑ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሐዲዱን የሚሸከሙት አግዳሚዎችም ኮንክሪት ናቸው። እንዲህ ባሉ ዘመናዊ መስመሮች የአንድ ሜትር ሐዲድ ክብደት ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ኪሎ ነው። ትልቁን ነገር ማሽን ያነሳዋል። ጠጠሩን በአካፋ መሙላት፣ በአግዳሚው ሥር መጠቅጠቅ፣ ብሎን ማጥበቅ፣ መሣሪያ ተሸክሞ ኪሎ ሜትሮችን መሄድ ግን የሰው ሥራ ነው።

ስለዚህ ጂም ገብተህ ደረት ከማሳበጥ ይልቅ እግርህንና ወገብህን አጠንክር። ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ፣ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ተነሥና በደቻቱ ወንዝ አሸዋና ጠጠር ላይ ፈጠን ብለህ ተራመድ። ውሃ በማይወርድበት ወቅት ማለቴ ነው። ቁርጭምጭሚትህ ጠጠር ላይ መቆም ይለምዳል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙላና ጉልበትህን አጥፈህ፣ ጀርባህን ቀጥ አድርገህ አንሳ፤ አስቀምጥ፤ ድገም። በመጀመሪያው ሳምንት አትጋፈጥ፣ ቀስ በቀስ ጨምር። ግንቦትና ሰኔ ላይ ከሆነ ደግሞ ሳይጠማህ ጠጣ፤ የድሬ ሙቀት ጎረምሳ አይልም።

ጫት የምትቅም ከሆነ ዝም ብዬ አላልፍህም። ከሰዓት በርጫ ላይ ተቀምጠህ፣ ሌሊቱን ሳትተኛ አድረህ፣ በማግስቱ ሐዲድ ላይ ብትወጣ ዓይንህ ተከፍቶም ላታይ ትችላለህ። ፈተናውና ምርመራው ከመድረሱ ሳምንታት በፊት ተወው፤ እንቅልፍህን አስተካክል። ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘት ደግሞ በአዋጁ በግልጽ የተከለከለ ነው።

አሁን ደግሞ «እናይሃለን» ወደሚለው። የሙከራ ጊዜ ሕጋዊ ነው። ግን በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም። በሳምንት 6 ቀን ብትሠራ 10 ሳምንት ማለት ነው። በጽሑፍ ካልሆነ ሙከራ የሚባል ነገር የለም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ነህ። በሙከራ ላይ ብትሆንም ደመወዝህና ሌላው መብትህ አይቀነስም። ልዩነቱ፣ ለሥራው ብቁ ሆነህ ካልተገኘህ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብቱህ ይችላሉ። አንተም ካልተመቸህ ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት ትችላለህ።

ውሉ በቃል ቢሆንም ሥራ ከጀመርክ መብትህ አይጠፋም። ያም ሆኖ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞበት በጽሑፍ ሊሰጥህ ይገባል። ከመፈረምህ በፊት ሦስት መስመር ፈልግ፤ የሥራው ዓይነት፣ የሥራው ቦታ፣ የደመወዙ መጠን። በተለይ የሥራው ዓይነት! አንተ የብየዳ ባለሙያ ነህ። ሐዲድም ይበየዳል። ወረቀቱ ላይ «የቀን ሠራተኛ» ተብሎ ከተጻፈ ነገ በሙያህ እያሠሩህ የጉልበት ሠራተኛ ደመወዝ ይከፍሉሃል። ሰርተፍኬትህን አያይዝና የሥራ መደቡ እንዲጻፍ ጠይቅ።

የሦስት ወር ውል ሰጥተው፣ ሲያልቅ ሌላ ሦስት ወር ቢሰጡህስ? ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ እኔንም በጣም ያናድደኛል። የሕጉ መነሻ ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ የተደረገ ነው የሚል ነው። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ነው። ጎርፍ ጠርጎ የወሰደውን አንድ ቦታ ለመጠገን ሰው ቢቀጠር፣ ያ ሥራ መጨረሻ አለው። መስመሩን በየቀኑ መጠበቅና መጠገን ግን ባቡሩ እስካለ ድረስ አያልቅም። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ላይ ውሉን በየሦስት ወሩ እያደሱ ቢያቆዩህ፣ ወረቀቱ የፈለገውን ቢል ቋሚ ሠራተኛ ነኝ ብለህ መከራከር ትችላለህ። እያንዳንዱን የውል ወረቀት አስቀምጥ፤ አሮጌውን አትጣል።

የሌሊቱን ሥራ ባጭሩ ልንገርህ። መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ሌሊት መሥራት ብቻውን ትርፍ ሰዓት አያሰኝም። ከ8 ሰዓት በላይ ከሠራህ ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.75 ይባዛል፤ የቀኑ በ1.5፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። ትርፍ ሰዓቱ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። የገባህበትንና የወጣህበትን ሰዓት በትንሽ ደብተር ያዝ። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት በ6 ወር ውስጥ ካልጠየቅክ በይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው ስላለፈ፣ ይቀራል። ከሥራ ተሰናብተህ ልመለስ ብለህ የምትከስ ከሆነ ደግሞ ያለህ ጊዜ 3 ወር ብቻ ነው። ሠራተኛ ለእንዲህ ዓይነቱ ክስ ለፍርድ ቤት የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ ስለዚህ ገንዘብ የለኝም ብለህ አትዘግይ።

የቀረው የአጎትህ ጉዳይ ነው። መሣሪያ ስለምትረከብ ዋስ መጠየቃቸው የተለመደ ነው። ነገር ግን ብዙ ቢሮዎች «ለሚያደርሰው ማንኛውም ጉዳት ኃላፊ ነኝ» የሚል ፎርም ያስፈርማሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። በሕግ አይጸናም ብሎ ዝም ማለት ግን አያዋጣም፤ አጎትህ ያንን ለማስረዳት ፍርድ ቤት ሊመላለሱ ነው። አብረሃቸው ሂድ። የብሩ መጠን በአኃዝም በፊደልም መጻፉን፣ ዋስትናው ለየትኛው ሥራ እንደሆነ መጠቀሱን አንብብላቸው። የብሩ ቦታ ባዶ ከሆነ እንዳይፈርሙ፤ ከፈረሙም ኮፒውን ይዘው ይውጡ።