ጀርሞች ክትባትንም ይላመዳሉ?

ጥያቄ፦ የስድስት ሳምንት ሕፃን ልጄን ለማስከተብ ጤና ጣቢያ ብሄድ፣ በአንድ ቀን ሁለት መርፌና የአፍ ጠብታዎች እንደሚሰጧት ተነገረኝ። ባለሙያዋ ክትባቱ መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞችንም እንደሚቀንስ ነገረችኝ። ክትባት ሲበዛ ጀርሞቹ ክትባቱንም አይላመዱም ወይ? (አንዲት እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አንቲባዮቲክ የሚታዘዘው ጀርሙ በሰውነት ውስጥ እጅግ ከተራባ በኋላ በመሆኑ፣ ከዚያ ሁሉ መካከል መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ጥቂቶች ተርፈው የመባዛት ዕድል ያገኛሉ። ክትባት ግን ሰውነትን አስቀድሞ ስለሚያዘጋጅ ጀርሙን ገና በቁጥር ሳይበረክት ይገታዋል፤ ጀርሙ መድኃኒት የተላመደ ይሁን አይሁን ለክትባቱ ልዩነት የለውም።

ከሁለቱ መርፌዎች አንዱ በአገራችን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው፣ የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር መንስኤ የሆነውን ኒሞኮከስን የሚከላከለው ክትባት ነው። አሜሪካ ይህን ክትባት እ.ኤ.አ. በ2000 ከጀመረች በኋላ፣ ፔኒሲሊን በደንብ በማይሠራባቸው የኒሞኮከስ ዝርያዎች የሚመጣው ከባድ ሕመም፣ ከ1999 እስከ 2004 ባለው ጊዜ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ በ81 በመቶ ቀነሰ። ይበልጥ የሚያስደንቀው፣ ክትባቱ ያልተሰጣቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ አረጋውያንም በዚሁ ሕመም መያዛቸው በግማሽ ያህል መቀነሱ ነው፤ የልጅ ልጆቻቸው ጀርሙን ወደ ቤት ማምጣት ትተዋልና።

ይሁንና ስጋትዎ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። ኒሞኮከስ ከ90 በላይ ዓይነቶች ሲኖሩት የመጀመሪያው ክትባት የሚከላከለው ሰባቱን ብቻ ስለነበር፣ ያልተካተተው 19ኤ የተባለው ዓይነት ክፍት ቦታ አግኝቶ ተስፋፋ፤ መድኃኒትም የሚቋቋም ሆኖ ተገኘ። መፍትሔው ክትባቱን ማቆም ሳይሆን፣ 19ኤን ጨምሮ 13 ዓይነቶችን በያዘው እ.ኤ.አ. በ2010 መተካት ሆነ።

ከጠብታዎቹ አንዱ የሕፃናት ተቅማጥ የሚያመጣውን ሮታ ቫይረስን ይከላከላል። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም፤ ሆኖም ሕፃን ሲያስቀምጠው የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ ገዝቶ መስጠት በየሰፈሩ የተለመደ ነው፣ እኔም ከሁሉ የምፈራው ይህንን ነው። ተቅማጡ ባይመጣ ሽሮፑም አይገዛም፤ በአንጀት ያሉ ሌሎች ጀርሞችም መድኃኒቱን የሚለማመዱበት አጋጣሚ ይቀንሳል።

የሮታ ሁለተኛ ጠብታ በ10ኛው ሳምንት ሲሰጥ፣ የኒሞኮከስ ክትባት ደግሞ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይደገማል። የተከተበ ልጅም ሊታመም ስለሚችል፣ ትንፋሿ ከፈጠነ ወይም ጡት እምቢ ካለች፣ ከወንድም ከእህቷ የተረፈ አሞክሳሲሊን ሳይሰጧት በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያው ይውሰዷት።