«ተበክሏል» ብላችሁ አትጣሉት

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው የአለቶችን ማግኔታዊነት ለማጥናት መሰርሰሪያ ይዛችሁ ወደ መስክ ልትወጡ ላሰባችሁ ነው። አብዛኞቻችሁ የምትመኙት አንድ ነገር ነው፤ ደለሉ በተኛበት ዘመን የመዘገበውን የምድር መግነጢሳዊ አቅጣጫ ማግኘት። አለቱ ያንን ካልሰጣችሁ «ተበክሏል» ትሉና ናሙናውን ወደ ጎን ታደርጋላችሁ። እኔ በዚህ አልስማማም።

በሰሜን ስፔን የሚገኘውን የካሜሮስ ተፋሰስ ተመልከቱ። ጁራሲክና ክሬታሴየስ ከሚባሉት የዳይኖሰር ዘመናት፣ ከጁራሲክ ማብቂያ እስከ ክሬታሴየስ አጋማሽ ምድሪቱ እየተለጠጠች ስትሰጥም በላይዋ የተከማቸው ደለል፣ ንብርብሩ ተደምሮ ሲለካ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የዳይኖሰር ኮቴ የታተመው በዚሁ ደለል ላይ ነው። ናቫኹን በምትባል መንደር አጠገብ ደግሞ በመጋዝ የተቆረጠ የሚመስል፣ ጠርዙ የተስተካከለ የፓይራይት (የብረትና የድኝ ማዕድን) ኩብ ይወጣል፤ ሙዚየም ውስጥ ያየው ሰው ተፈጥሮ ሠራችው ለማለት ይቸገራል። ኩቡን ያሳደገው ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ተፋሰሱን ያገኘው ሙቀትና ትኩስ ፈሳሽ ነው። አለቱም አዲሱን ማግኔታዊነቱን የያዘው በዚያው ዘመን ገደማ ነው።

ይህ እንዴት ታወቀ? ደለሉ መከማቸት በጀመረበት ዘመን የምድር መግነጢሳዊ ዋልታዎች ደጋግመው ይገለባበጡ ነበር። ስለዚህ ያ ሁሉ ንብርብር የመጀመሪያውን ማግኔት ይዞ ቢሆን ኖሮ አቅጣጫው እየተፈራረቀ መገኘት ነበረበት። የተገኘው ግን ከታች እስከ ላይ አንድ ዓይነት፣ እንደ ዛሬው ወደ ሰሜን የሚያመለክት ነው። በክሬታሴየስ አጋማሽ ደግሞ ዋልታው ወደ 38 ሚሊዮን ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሳይገለበጥ ቆይቷል፤ ንብርብሮቹ ሁሉ ማግኔታቸውን የያዙት በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው ማለት ነው።

«ማግኔታይት፣ ማለት በአለቱ ውስጥ አቅጣጫውን የሚይዘው የብረት ማዕድን፣ አቅጣጫውን የሚለቀው በ580 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ተፋሰሱ ያን ያህል አልሞቀም» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። እዚያ መድረስ አያስፈልገውም። ደለሉ በጥልቀት ሲቀበር የሸክላ ማዕድናቱ ይለወጣሉ፣ ብረት ይለቃሉ፣ ከብረቱም አዲስ የማግኔታይት ቅንጣት ይወለዳል። ቅንጣቷ እጅግ ደቃቅ ሳለች አቅጣጫ መያዝ አትችልም፤ አድጋ የተወሰነ መጠን ያለፈች ዕለት ግን የዚያን ጊዜውን የምድር መግነጢሳዊ መስክ አቅጣጫ ይዛ ትቀራለች። ናሙናውን በየደረጃው እያሞቃችሁ የቀረውን ማግኔት ስትለኩ፣ በሥዕል ላይ አቅጣጫውን የሚያሳይ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር መስመር ታገኛላችሁ። አትቸኩሉ፤ መስመሩ ጠራ ማለት ማግኔቱ ከደለሉ ጋር እኩያ ነው ማለት አይደለም።

ከሁሉ በላይ እንድትጠነቀቁ የምፈልገው በእጥፋት ፈተናው ላይ ነው። ያዘመሙትን ንብርብሮች በስሌት ወደ አግድም ስትመልሱ አቅጣጫዎቹ ከገጠሙ ማግኔቱ ከመዝመማቸው ይቀድማል፤ ሳትመልሷቸው ከገጠሙ ይከተላል። በግማሽ መንገድ ከገጠሙስ? ብዙ ሰው «አለቱ እየታጠፈ ሳለ ተመዘገበ» ብሎ ያልፋል። በካሜሮስ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ንብርብሮቹ ገና በመለጠጡ ዘመን ዘመም ብለው ነበር፤ ማግኔቱን የያዙት እንደዚያ ሆነው ነው፤ የፒሬኔ ተራሮችን ያነሣው ግፊት ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ መጥቶ እንደገና አዘመማቸው። ስለዚህ ዝንባሌውን ስትመልሱ ለሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ፐርሰንት አትጠቀሙ። እያንዳንዱን ንብርብር አቅጣጫው እስኪገጥም ብቻ መልሱት፤ ያኔ የቆመበት ዝንባሌ የ100 ሚሊዮን ዓመቱ ዝንባሌ ነው። «ተበክሏል» የተባለው ማግኔት የተፋሰሱን የጥንት ቅርጽ መልሶ ሣለላችሁ ማለት ነው። የመጀመሪያው ማግኔት ይህን ሊነግራችሁ አይችልም ነበር፤ በዚያን ጊዜ ደለሉ ገና አግድም ነበርና።

በአገራችንም በዓባይ ሸለቆና በመቀሌ አካባቢ ያሉት የኖራና የአሸዋ ድንጋዮች ያው ጥያቄ፣ ማግኔታቸው የመጀመሪያው ነው ወይስ በኋላ የያዙት የሚለው፣ ይጠብቃቸዋል፤ ዕድሜው ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት የሚሆነው የባዛልት ጎርፍ የፈሰሰው ከእነርሱ በኋላ ነው። ስትሰበስቡ ዝንባሌያቸው ከሚለያይ ንብርብሮች ውሰዱ፤ ባዛልት ሰንጥቆ ካለፈበት ቦታ አጠገብም፣ ከዚያ ርቃችሁም ሰርስሩ። የንብርብሩን ዝንባሌ መለካትንም ለረዳት አትተዉት።