ውሃ የሚያስገባ አሮጌ መኪና፦ የጥገናውን ወጪ ሻጩ ይከፍላል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ያገለገለ መኪና ገዙ። ከ5 ወር በኋላ ከባድ ዝናብ ሲጥል ከሹፌሩ ጎን ባለው ወንበር እግር ሥር ውሃ ተኛ። ጋራዥ አስገቡት። መካኒኩ ምንጣፉን ነቀለ፣ የፊት መስታወቱን አውልቆ እንደገና ለጠፈ። ሂሳቡ መጀመሪያ ከተነገራቸው እጥፍ ሆኖ መጣ። «ሻጩን ማስከፈል እችላለሁ ወይ?» ይላሉ።

ይችሉ ይሆናል። ግን ደብዳቤዎ ውስጥ ሻጩ የሚታየው መኪናውን በገዙበት ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የለም። ውሃውን እንዳዩ ነግረውታል? መኪናው ሳይፈታ መጥቶ እንዲያይ ጠይቀውታል? አለመጻፍዎን ሳይ አልነገሩትም ብዬ እገምታለሁ። ደግሞ «ስገዛው ትንሽ የእርጥበት ሽታ ነበረው፣ ሻጩ ስለታጠበ ነው አለኝ» ብለው በጎን ጣል አድርገው አልፈዋል። አይቆጡኝና፣ የሻጩ ጠበቃ ብሆን የምጀምረው ከዚችው ዓረፍተ ነገር ነው።

ሕጉን ላሳጥረው። ዝርዝሩ ከአገር አገር ቢለያይም መርሁ ተቀራራቢ ነው። በሽያጩ ጊዜ የነበረ፣ ገዢው ግን በተለመደ ጥንቃቄ ሊያየው ያልቻለ ጉድለት ሻጩን ሊያስጠይቅ ይችላል። ገዢው እያወቀ የገዛው ጉድለት አያስጠይቅም። ውሉ ላይ «ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚል ካለ ሻጩን ይጠቅመዋል፤ እያወቀ ደብቆ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ አያድነውም። ስለዚህ ያ ሽታ በሁለቱም በኩል ይቆርጣል። እርስዎን «ጠርጥረህ ገዛህ» ያስብላል፣ እሱን «አውቀህ ዋሸህ» ያስብላል። ሲናገር የሰማ ሰው ወይም በስልክ የተጻጻፉት ነገር አለ? ይፈልጉት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ መጀመሪያ አስጠግኖ ከዚያ ልክሰስ ማለት ነው። መኪና ሥራ ላይ ነው፣ ሰው ይቸኩላል፣ ይገባኛል። ችግሩ ግን የውሃ ነገር ምንጩ ብዙ ነው። እግር ሥር የተኛ ውሃ ከሰንሩፉ (ጣሪያው ላይ ካለው መስኮት) የማፍሰሻ ቱቦ ሊመጣ ይችላል። ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው መውረጃ በቅጠል ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። በሩ ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ሽፋን ተቀዶ፣ የኤሲው ማፍሰሻ ተዘግቶ፣ ወይም የማሞቂያው ራዲያተር አፍስሶ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ጭራሽ የዝናብ ውሃ አይደለም፣ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው።

እያንዳንዱ ምንጭ የተለየ የሕግ መልስ አለው። በ5 ወር ውስጥ የተጠራቀመ ቅጠል ከሆነ ማጽዳት የነበረብዎት እርስዎ ነዎት። በሩና መስታወቱ ዙሪያ ያለው ጎሚኒ በዕድሜ ደርቆ ከሆነ «አሮጌ መኪና ነው የገዛኸው» ይባላሉ። መስታወቱ ከሽያጩ በፊት ተቀይሮ በደንብ ሳይለጠፍ ቀርቶ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ምንጣፉ ሥር የቆየ ዝገት ወይም የደረቀ ጭቃ ከተገኘም እንዲሁ፤ እንዲህ ያለ ዝገት በአንድ ዝናብ አይመጣም። ጉድለቱ ከሽያጩ በፊት ነበር ብሎ የማስረዳቱ ሸክም ብዙውን ጊዜ የእርስዎ ነው። ማስረጃዎ ሊሆን ይችል የነበረው ያ ዝገትና ያ አሮጌ ማጣበቂያ ነበር። ዝገት ከነበረ መካኒኩ ፍቆ ቀብቶት፣ አሮጌውን ማጣበቂያም ጥሎት ይሆናል። ሻጩ አሁን «እኔ ያላየሁትን ነገር እንዴት ልክፈል?» ቢል ዳኛው ይሰማዋል።

ገና ያላስጠገናችሁ አንባቢዎች፣ መኪናው ከመፈታቱ በፊት ፎቶና ቪዲዮ አንሱ፣ ቀኑ ይታይ። ለሻጩ በጽሑፍ አሳውቁ፣ መጥቶ እንዲያይ ቀን ስጡት። መደወል ብቻውን አይበቃም፤ በኋላ ይካዳል። ገለልተኛ ባለሙያ ውሃ አፍስሶ ምንጩን ይፈልግና በፊርማው ይጻፍ። እስከዚያው ማድረቅና መሸፈን ትችላላችሁ፣ እንዲያውም አለባችሁ። በብዙ መኪኖች ምንጣፉ ሥር የኤሌክትሪክ ገመድ ያልፋል፣ ጉዳቱ እንዲሰፋ ዝም ያለ ሰው የሰፋውን ያህል አይካስም።

ወደ እርስዎ ልመለስ። አልመሸም፣ ግን ዛሬ ይነሱ። መካኒኩ ስልክ ላይ የሥራው ፎቶ ካለ ይጠይቁ። የወጣው ዕቃ ገና ካልተጣለ ይውሰዱት። ምን እንዳገኘ ጽፎ ይፈርምልዎ፣ ደረሰኙም የእጅ ዋጋውንና የመለዋወጫውን ለየብቻ ያሳይ። ሂሳቡ እጥፍ መሆኑ ግን ከሻጩ ጋር አይያያዝም። ጭማሪውን እርስዎ ፈቅደው ነበር? ካልፈቀዱ ጥያቄው ለጋራዡ ነው።

ኢንሹራንስ ካለዎት ፖሊሲውን ያንብቡ። ቀስ በቀስ የሚመጣ እርጅናን አብዛኞቹ አይሸፍኑም።

ለሻጩ የሚልኩትን ደብዳቤ ሳይልኩ ጠበቃ ያንብበው። የሽያጭ ውሉን፣ ደረሰኞቹን፣ የተጻጻፉትን ሁሉ ይዘው ይሂዱ። ጉድለትን ለማሳወቅም ለመክሰስም የጊዜ ገደብ አለ፣ አንዳንድ ቦታ በጣም አጭር ነው፤ የእርስዎ መቼ እንደሚያልቅ መጀመሪያ እሱን ይጠይቁት። የክሱ ወጪ ከጥገናው እንዳይበልጥም አብራችሁ አስሉ። ሻጩ «ግማሹን ልክፈልና ጉዳዩ ይዘጋ» ካለ አይናቁት። ወረቀት ካቀረበልዎ ግን ጠበቃዎ ሳያየው አይፈርሙ።